ምድጃ ቁጥር አራት

ሰድበሪ፤ ጥር፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
ከኮረብታው ማዶ የቀለጠ ዝቃጭ ሲደፉ፣ ደመናው እስኪነድ፣
እኔ ከዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት፣
ከምድጃ ቁጥር አራት ፊት፣
መዝገቡን ገለጥሁት።

ፊተኛው ገጽ የቬይኮ ሳልሜላ ጽሕፈት ነው፤
ፊደሉ እንደ ሚስማር የተመታ፣ ቀለሙ የገረጣው፦
«ግማሹ ፕላቲነም፣ ግማሹ ሮዲየም፤
ኳርትዝ ውስጥ ታሽጓል፤ አየር የለም።
ሦስት መቶ ዲግሪ። ማንም እንዳይነካው።»

የተቀጠርሁ ሰሞን መንደሪን በሳጥን አምጥቶ
ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፣ አንዱን በሦስቱ ጎድጓዳ አስማምቶ።
ስሜ ትርንጎ ነው፤ «ዘመዶቼ ናቸው» ብዬ ሣቅሁ፤
ቀልዱን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ።
«ይህን ንጣፍ በፊደልሽ ማን እንበለው?»
«ሀ።»
«ከላዩ ያለውን?»
«ለ።»
«ሦስተኛው ተመልሶ በሀ ትክክል ቢውል፣
ሀለ፣ ሀለ እያለ ቢቀጥል፣
ኦስሚየም ነው፤ ሩቴኒየም ነው፤ ስድስት ጎን ይሆናል።
አዲስ ጎድጓዳ ቢመርጥስ?»
«ሐ» አልሁት፤ «ሀለሐ ይባላል።»
«አሁንም ሀለሀ ነው ያልሽኝ!»
«ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ለዓይን ነው።»
መንደሪን መላጡን ተወና ዝም አለ። ቆይቶ፣
«ብረቱም» አለ፣ «እንዲሁ ነው።
ለመዳፍ አንድ ነው፤
የሚለየው ኤክስሬይ ነው።»

ፕላቲነምና ሮዲየም ግን በቤት አሠራር አይጣሉም፤
ሁለቱም ሀለሐ ናቸው፤ ጥያቄው ጣራና ግድግዳ አይደለም፤
ማን ከማን ጎን ይቀመጥ ነው።
ለጊዜው እንደ ለቅሶ ቤት ነው፤
የመጣው ሁሉ ባገኘው ወንበር ተቀምጧል።
የኮምፒውተሩ ስሌት ሌላ ይላል፦
ሲቀዘቅዝ፣ ረድፍ ለፕላቲነም፣ ረድፍ ለሮዲየም፤
ከዚህ የረጋ ኑሮ የለም።

ይበል። ማን አይቶት?

ሲሞቅ እግር ያወጣል፣ ልቡ ግን ይበተናል፤
ሲበርድ ልብ ይገዛል፣ እግሩ ግን ይታሰራል።
ቬይኮ በሁለቱ መሐል ጠባብ በር ፈለገ፤
ከምድጃው ፊት ሃያ ሦስት ዓመት አደገደገ።

መዝገቡ እንዲህ ይላል፦
ጥር፣ አዲስ መስመር የለም።
ጥር፣ አዲስ መስመር የለም።
ነሐሴ፣ መብራት ጠፋ፤ አሥራ አንድ ሰዓት፤
ጄኔሬተር ከወንድሜ ጀልባ ቤት።
ጥር፣ የለም።
ጥር፣ የለም፤ ኢርማ ዐረፈች፤
በዚያው መስመር፣ በዚያው ቀለም።

ዘንድሮ ተራው የኔ ሆነ።
እሱ ሐይቁ ዳር፣ አረጋውያን መኖሪያ ገብቷል፤
ጉልበቱ ደረጃ አይወርድለትም፣ እጁ ይንቀጠቀጣል።
ኳርትዙን ሰበርሁ፤ ጥፍር የምታህል ብረት
ከጨረሩ ፊት አስቀመጥኋት።
መሣሪያው ሌሊቱን ሙሉ ቆጠረ። ሊነጋ ሲል፣ በስተግራ፣
ምንም መኖር በሌለበት ስፍራ፣
ጉብታ።
ብጉር የምታህል። ልቤ ደረቴን መታ።
ስልኩን አነሣሁ፤ ሦስት ቁጥር ነካሁ፤ መልሼ አስቀመጥሁ።
ናሙናዋን አውጥቼ ባዶውን መያዣ ለካሁ።
ጉብታው እዚያው ነበር።
የመያዣው ነው እንጂ የሷ አይደለም።
ጻፍሁ፦ ጥር፣ የለም።

ያኔ ደወልሁለት።
«ባዶውንም ለካሽ?» ነው ያለኝ መጀመሪያ።
«ለካሁ።»
«ጎበዝ።»
ከዚያ የትናንቱ ሾርባ ጨው እንዳልነበረው ነገረኝ፤
በረዶ የሚጠርገው ልጅ ዘንድሮ እንደተቀየረም፤
ስለ ብረቱ ሌላ ቃል አልጨመረም።

አዲስ ኳርትዝ በነበልባል አሸግሁ። ሦስት መቶ ዲግሪ።
ከስሙ ሥር ስሜን ጻፍሁ፣ በእኔው ፊደል፤
ገጹ ገና ግማሹ ባዶ ነው፤ ለስንት ሰው ይበቃል።

ወጣሁ። መኪናዬ አልነሣ አለች፤
ብርዱ ልብ አስገዝቷት፣ እግሯን አስሯት ቆመች።
በእግሬ ሄድሁ።